ከውጭ የሚገባ የባሕር ምግብ ቁጥጥርና ወጪው

የዩናይትድ ስቴትስ ሕዝብ ከሚበላው የባሕር ምግብ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። የመንግሥት ሰነዶች ድርሻውን አንዳንዴ ከመቶ 80፣ አንዳንዴም ከመቶ 90 በላይ ያደርሱታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት (ከዚህ በኋላ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ይህ አኃዝ መጋነኑን አሳይቷል፤ በአሜሪካ ውኃ ተይዞ ለመቆራረጥና ለመታሸግ ወደ ሌላ አገር፣ በተለይም ወደ ቻይና የሚላከው ዓሣ ተመልሶ ሲገባ የውጭ ምርት ሆኖ ይቆጠራልና። በጥናቱ ስሌት ድርሻው ከመቶ 62 እስከ 65 ነው። ትንሹ ቁጥር ቢወሰድ እንኳ ገበታ ላይ ከሚቀርበው የባሕር ምግብ ከግማሽ የሚበልጠው የተመረተው የአሜሪካ ተቆጣጣሪ በማያየው ኩሬ፣ ጀልባና ፋብሪካ ነው።

ከሁሉ የሚበዛው ሽሪምፕ ነው። አሜሪካውያን ከሌላው የባሕር ምግብ አብልጠው የሚበሉት እሱን ሲሆን፣ ከዚህም ውስጥ ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው በረዶ ሆኖ ከሕንድ፣ ከኢኳዶር፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከቬትናምና ከመሰሎቻቸው ይመጣል። ቲላፒያም በብዛት የሚመጣው ከቻይና ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከገበያ የሚገዛው የቀዘቀዘ ቲላፒያ፣ ዝርያው በዝዋይና በጣና ቆሮሶ ከሚባለው ዓሣ ወገን ቢሆንም፣ ያደገው አብዛኛውን ጊዜ በቻይና ኩሬ ነው።

የኩሬ እርባታ ጣጣው መጨናነቁ ነው። በአንድ ኩሬ ውስጥ ሽሪምፕ በብዛት ሲታጨቅ በሽታ በፍጥነት ይዛመታል፤ አርቢውም ምርቱ በአንድ ሳምንት እንዳያልቅበት መድኃኒት ይጨምራል። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ለምግብ እንስሳት የተከለከሉት በከንቱ አይደለም። ክሎራምፌኒኮል በጥቂት ሰዎች ላይ የአጥንት መቅኔ ደም መሥራቱን እንዲያቆም የሚያደርግ፣ ብዙውን ጊዜም የሚገድል ሕመም ያስከትላል፤ የትኛው መጠን እንደማይጎዳ መወሰን ስላልተቻለ ሕጉ የሚፈቅደው መጠን የለም። ናይትሮፉራን የተባሉት መድኃኒቶችና ማላካይት ግሪን የተባለው ማቅለሚያ ካንሰር ያመጣሉ ተብለው ይፈራሉ። የፍሎሮኪኖሎን ወገኖች ደግሞ በሰው ሕክምና ውስጥ የሚያስፈልጉ በመሆናቸው፣ በኩሬ ሲባክኑ መድኃኒቱን የተላመዱ ጀርሞች ይፈጠራሉ።

ይህን ሁሉ ለማወቅ የሚያስችለው መሣሪያ ውድ፣ ሥራውም ረቂቅ ነው። ክሎራምፌኒኮል የሚፈለገው ከአንድ ቢሊዮን 0.3 ክፍል እስከሚደርስ መጠን ነው። ናይትሮፉራን በእንስሳው ሥጋ ውስጥ ወዲያው ስለሚፈራርስ መድኃኒቱን ራሱን መፈለግ ዋጋ የለውም፤ ኬሚስቱ የሚፈልገው ከሥጋው ጋር ተጣብቆ ለሳምንታት የሚቆየውን ስባሪ ነው። ስለዚህ «ፍተሻ ይጠንክር» የሚለው ቃል በተግባር ሲተረጎም የሠለጠነ ኬሚስት፣ ጥገና የማያጣ ማሽንና ናሙና የሚያነሳ ሠራተኛ ማለት ነው። ሦስቱም በጀት ይፈልጋሉ።

በጀቱ ግን ከአንድ ኪስ አይወጣም። የባሕር ምግብ ለጤና ተስማሚ መሆኑን የሚቆጣጠረው በጤና ሚኒስቴር ሥር ያለው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ በአጭሩ ኤፍዲኤ ነው። ገንዘቡን የሚመድቡለት ግን የኮንግረስ የግብርና በጀት ንዑስ ኮሚቴዎች ናቸው፤ መሥሪያ ቤቱ እስከ 1940 ድረስ የግብርና ሚኒስቴር አካል ስለነበረ ልማዱ እስከ ዛሬ አልተቀየረም። ዓሣው በሕግ የተጠመደ መሆን አለመሆኑን የሚከታተለው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ ኖኣ፣ በንግድ ሚኒስቴር ሥር ሲሆን በጀቱም የሚወሰነው በሌላ ንዑስ ኮሚቴ ነው። ወደቡን የሚጠብቀው የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሦስተኛ ንዑስ ኮሚቴ ይተዳደራል። ካትፊሽ ደግሞ፣ ምክንያቱ በኋላ ይመጣል፣ የግብርና ሚኒስቴር ድርሻ ነው። አንድ ኮንቴይነር ሽሪምፕ ከመርከብ ሲወርድ ቢያንስ የሦስት መሥሪያ ቤቶች ዓይን ያርፍበታል፤ እያንዳንዱ ግን የሚያየው የሚከፈለውን ያህል ብቻ ነው።

በወደብ ላይ የኤፍዲኤ ሥራ የሚጀምረው ጭነቱ ከመድረሱ በፊት ነው። በ2002 ከወጣው የባዮሽብር መከላከያ ሕግ ወዲህ አስመጪው ምን፣ ከየት፣ ከማን እንደሚያስገባ አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ፕሪዲክት የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት የላኪውን ታሪክ፣ የምርቱን ዓይነትና የአገሩን ሁኔታ አገናዝቦ ለእያንዳንዱ ጭነት የሥጋት ነጥብ ይሰጣል። ከ2019 ጀምሮም ለባሕር ምግብ ብቻ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሙከራ ተደርጓል። ነጥቡ ዝቅ ያለው ጭነት ያለ ፍተሻ ያልፋል። ከፍ ያለው በዓይንና በማሽተት ይፈተሻል፤ ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ ብቻ ናሙናው ተወስዶ ወደ ቤተ ሙከራ ይሄዳል።

ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ የኮንግረስ የሒሳብና የአሠራር መርማሪ የሆነው የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2011 ባወጣው ሪፖርት ገልጿል። በ2009 የበጀት ዓመት ኤፍዲኤ ለመድኃኒት ቅሪት የመረመረው ከገባው የባሕር ምግብ 0.1 ከመቶ ያህሉን ነበር። ይህ ቁጥር በየክርክሩ እየተጠቀሰ ለበጀት ጭማሪ ዋና ማስረጃ ሆኗል፤ ነገር ግን ስሌቱ በጥንቃቄ ቢታይ ጭማሪ ጠያቂዎች ከሚሉት ለየት ያለ ነገር ያሳያል። ናሙናው በዕጣ የሚወሰድ ነው ይባል። ችግር ካለባቸው 1,000 ጭነቶች 1ዱ ይያዛል፣ 999ኙ ያልፋሉ። በጀቱ እጥፍ ቢሆን 998 ያልፋሉ። ዐሥር እጥፍ ቢሆንም 990 ያልፋሉ፤ የትኛውም ኮንግረስ ዐሥር እጥፍ አይመድብም። በወደብ ላይ ናሙና በማብዛት ብቻ የገባውን ሁሉ ማጣራት አይቻልም። የወደብ ምርመራ ዋና ጥቅሙ ሌላ ነው፤ የትኛው ላኪና የትኛው አገር እንደሚያጭበረብር መረጃ ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጠንካራ እርምጃም ሕጋዊ መሠረት ያስይዛል።

ያ እርምጃ የገቢ ማስጠንቀቂያ ይባላል። ስሙ ለስላሳ ቢሆንም ጉልበቱ ትልቅ ነው። በማስጠንቀቂያው ዝርዝር የገባ ላኪ ጭነቱ ሳይመረመር ወደቡ ላይ ይያዛል፤ ንጹሕ መሆኑን የማስረዳት ሸክሙም ወደ አስመጪው ይዞራል። አስመጪው በራሱ ገንዘብ የግል ቤተ ሙከራ ቀጥሮ ውጤቱን ያቀርባል። በ2021 መጨረሻ የወጣው ደንብ ደግሞ እነዚህ የግል ቤተ ሙከራዎች ዕውቅና እንዲኖራቸው ያስገድዳል፤ ቀድሞ አስመጪው ጥሩ ውጤት እስኪያገኝ ድረስ ቤተ ሙከራ ሊያቀያይር ይችላል የሚል ሐሜት ነበርና። ላኪው ከዝርዝሩ ለመውጣት በተለምዶ ቢያንስ 5 ተከታታይ ንጹሕ ጭነት ማሳየትና ችግሩን ከሥሩ እንዳስተካከለ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ሰኔ 2007 ኤፍዲኤ ከቻይና ለሚገባ የርቢ ሽሪምፕ፣ ካትፊሽ፣ ባሳ፣ ዴስና ኢል አገሪቱን በሙሉ በዚህ ዝርዝር አስገብቷል። መንግሥት ለጥቂት ናሙናዎች ባወጣው ገንዘብ የሺዎች ጭነት ምርመራ ወጪ ወደ ነጋዴው ተሸጋገረ። ከሁሉም የቁጥጥር መንገድ ለመንግሥት ካዝና የረከሰው ይኸኛው ነው።

ሌላው መንገድ ወደ ምንጩ መሄድ ነው። በጥር 2011 የተፈረመው የምግብ ደኅንነት ማዘመኛ ሕግ ኤፍዲኤ በመጀመሪያው ዓመት 600 የውጭ የምግብ ፋብሪካዎችን እንዲመረምር፣ ለተከታዮቹ 5 ዓመታት ደግሞ ቁጥሩን በየዓመቱ እጥፍ እንዲያደርግ አዘዘ። እጥፍ እየሆነ ሲሄድ 19,200 ይደርሳል። ሕጉ ይህን ሲያዝ ለመርማሪ ደመወዝ፣ ለአውሮፕላን ትኬትና ለአስተርጓሚ የሚሆነውን ገንዘብ በልኩ አልመደበም። የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በጥር 2025 ባወጣው ሪፖርት ከ2018 እስከ 2023 የተደረገው የውጭ ምርመራ በአማካይ በዓመት 917 እንደነበር ገልጿል፤ ከታቀደው ከመቶ 5 ያህል ማለት ነው። የኮቪድ ወረርሽኝ ድርሻ አለው፣ ግን ወረርሽኙ ባይኖርም ዕቅዱ ከመጀመሪያው የማይደረስበት ነበር። የማይሆን ቁጥር በሕግ ላይ መጻፉ ጉዳት አለው፤ መሥሪያ ቤቱ ሁልጊዜ እንደጎደለ ይታያል፣ ምን ያህል ገንዘብ ቢሰጠው ምን ያህል እንደሚሠራ ግን ማንም በቅን አያሰላም።

በበጀት ሳይቀር የተለየ መንገድ የተከተለው ካትፊሽ ነው። ይህ ዓሣ በኢትዮጵያ ወንዞችና ሐይቆች አምባዛ ከሚባለው ጋር የሩቅ ዝምድና ያለው ሲሆን በሚሲሲፒና በአላባማ ኩሬዎች በስፋት ይረባል። ፓንጋሲየስ የተባለው የቬትናም ካትፊሽ በረከሰ ዋጋ ሲገባ የደቡብ አርቢዎች ለኮንግረስ አቤት አሉ። የ2008ቱ የእርሻ ሕግ የካትፊሽ ቁጥጥር ከኤፍዲኤ ወደ ግብርና ሚኒስቴር እንዲዛወር ወሰነ፤ ደንቡ በታኅሣሥ 2015 ወጥቶ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ተፈጻሚ ሆነ። ልዩነቱ የመሥሪያ ቤት ስም ለውጥ ብቻ አልነበረም። የግብርና ሚኒስቴር ሕግ ላኪው አገር የራሱ የቁጥጥር ሥርዓት ከአሜሪካው ጋር እኩል መሆኑን እንዲያስመሰክር ይጠይቃል፣ እያንዳንዱ ጭነትም ወደ መርማሪው ቤት መቅረብ አለበት። ቻይና፣ ታይላንድና ቬትናም ይህን ዕውቅና ያገኙት በኅዳር 2019 ነው።

የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ ዝውውሩን ተቃውሞ ነበር፤ አንድን ዓሣ ለይቶ ሌላ መርማሪ ማቆም ወጪን መደጋገም ነው ሲል። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤትም በግንቦት 2016 ዝውውሩን ለመሻር 55 ለ43 ድምፅ ሰጥቶ ነበር፣ የተወካዮች ምክር ቤት ግን ጉዳዩን አላነሳውም። ቢሮው ስለ ወጪው ያለው ትክክል ነው። የካትፊሽ አርቢዎችም ያሸነፉት ለሕዝብ ጤና ብቻ ተከራክረው እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ታየ፤ የማስረዳት ግዴታ በላኪው አገር ላይ ሲጣል ብዙ ምርት ገና ከመርከብ ሳይጫን ይጣራል።

የአውሮፓ ኅብረት ለባሕር ምግብ ሁሉ የሚከተለው ይህንኑ ነው። ወደ ኅብረቱ መላክ የሚሻ አገር የመድኃኒት ቅሪት መከታተያ ዕቅዱ ተቀባይነት ሊያገኝ፣ የአገሩ ባለሥልጣንም ለእያንዳንዱ ጭነት ሊፈርም ይገባል። ከሕንድ የሚገባው የርቢ ሽሪምፕ በድንበር ላይ የሚመረመርበት መጠን በ2016 ከመቶ 10 ወደ ከመቶ 50 ከፍ ብሏል፤ ለዚህም አስመጪው ክፍያ ይከፍላል። የዚህ መንገድ ጥንካሬም ጭካኔም በምሥራቅ አፍሪካ ታይቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የቪክቶሪያ ሐይቅ የናይል ፐርች በሳልሞኔላ፣ በኮሌራ ሥጋት፣ በመጨረሻም በ1999 ዓሣ በፀረ ተባይ መርዝ እየተጠመደ ነው በሚል ተደጋግሞ ከአውሮፓ ገበያ ታገደ። ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያና ኬንያ የዓሣ ተቆጣጣሪያቸውን እንደ አዲስ አደራጁ፣ ቤተ ሙከራ አቋቋሙ፣ የዓሣ ማራገፊያ ወደቦችን አሻሻሉ፤ ለኡጋንዳ የተባበሩት መንግሥታት የኢንዱስትሪ ልማት ድርጅት ድጋፍ አድርጓል። ገበያው ለኬንያ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በ2000 መጨረሻ ነው። እስከዚያው የተራቡት በጀልባ ላይ ያሉት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። የአውሮፓ ግብር ከፋይ ለዚህ ሁሉ ያወጣው ወጪ ትንሽ ነበር፣ ሸክሙ ግን ጠፍቶ ሳይሆን ተላልፎ ነው።

አሜሪካ ለሽሪምፕ እስካሁን የሞከረችው የመካከለኛ መንገድ ነው። ኮንግረስ በበጀት ሕጉ አማካይነት ኤፍዲኤ የሽሪምፕ ቁጥጥሩን የሚያሻሽልበትን አማራጭ እንዲያጠና አዘዘ፤ መሥሪያ ቤቱም ዋና ዋና ላኪ ከሆኑት ከሕንድ፣ ከኢኳዶርና ከኢንዶኔዥያ ጋር መረጃ የሚለዋወጥበትን ስምምነት መረጠ። ከኢኳዶር ጋር በ2023 ተፈራርሟል። ስምምነቱ በፈቃደኝነት የሚደረግ እንጂ እንደ ካትፊሹ ግዴታ አይደለም።

በነሐሴ 2025 የተከሰተው ነገር የበጀት ኪሶቹን መለያየት በግልጽ አሳየ። የጉምሩክ መርማሪዎች በሎስ አንጀለስ፣ በሂውስተን፣ በሳቫናና በማያሚ ወደቦች ከኢንዶኔዥያ በመጡ ኮንቴይነሮች ላይ ሲዚየም 137 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር አገኙ። ኤፍዲኤ ከአንድ ዱቄት የለበሰ ሽሪምፕ ናሙና በኪሎ 68 ቤኬሬል ለካ፤ መሥሪያ ቤቱ እርምጃ የሚወስድበት ገደብ 1,200 ስለሆነ ከገደቡ እጅግ ያነሰ ነው፣ ሆኖም ምርቱ እንዲመለስ ተደረገ። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ከጃቫና ከላምፑንግ የሚመጣ ሽሪምፕ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ ታዘዘ። መዘዙ የተገኘው ለምግብ ተብሎ በተመደበ ገንዘብ አልነበረም። ያገኘው የኑክሌር ቁስ በድብቅ እንዳይገባ የተተከለ የጨረር መለያ በር ነው፤ በሩ የተገዛውም በአገር ደኅንነት በጀት ነው። የምግብ ተቆጣጣሪው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሲዚየም የሚፈልግበት ምክንያት አልነበረውም።

ከጤና ጎን ለጎን የሕጋዊነት ጥያቄ አለ። የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን በ2021 ባወጣው ግምት በ2019 ከገባው የባሕር ምግብ 2.4 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣው፣ ማለትም ከጠቅላላው ከመቶ 11 የሚጠጋው፣ በሕገ ወጥ ማጥመድ የተገኘ ነበር። የኖኣ የባሕር ምግብ ገቢ መከታተያ ፕሮግራም በ2018 ሥራ ሲጀምር ዓላማው ዓሣው ከተያዘበት ውኃ እስከ ወደቡ ያለውን መንገድ በሰነድ ማስያዝ ነበር። የሚሸፍነው 13 የዝርያ ምድቦችን ነው፤ ቱና፣ ሽሪምፕ፣ ሻርክ፣ ቀይ ስናፐርና ኮድ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ሰነዱ በኮምፒውተር ይገባል፣ ኖኣም ከጭነቶቹ ጥቂቱን ብቻ መርጦ ሰነዱን ይመረምራል። ሰነድ ደግሞ ሊፈጠር ይችላል። በታኅሣሥ 2022 ምድቦቹን ለማብዛት ረቂቅ ወጥቶ ነበር፤ በኅዳር 2023 ተነሳ። በሚያዝያ 2025 የወጣው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ በአንጻሩ አላስፈላጊ የተባሉ ዝርያዎች ከፕሮግራሙ እንዲቀነሱና ከዚህ የሚተርፈው ገንዘብ በወደብ ላይ አሥጊ ጭነቶችን ለመፈተሽ እንዲውል አሳሰበ። ከዚያ ቀደም ብሎ በመጋቢት የጤና ሚኒስቴር ከኤፍዲኤ 3,500 ያህል ሠራተኛ እንደሚቀንስ አስታውቆ ነበር፤ መርማሪዎች አይነኩም ተባለ። ነገር ግን የመርማሪን የጉዞ ትኬት የሚቆርጥ፣ ናሙናውን የሚያስተናግድ ሠራተኛ ሲጎድል መርማሪው ቤቱ ይቀመጣል።

ገንዘቡን ለምን አስመጪው ራሱ አይከፍልም የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይነሳል። የአሜሪካ ሕግ ለተደጋጋሚ ፍተሻ ክፍያ ይፈቅዳል፣ ለመደበኛው የወደብ ምርመራ ግን ጠቅላላ ክፍያ የለም። ኖኣ በክፍያ የሚሰጠው የዓሣ ምርመራ አገልግሎት በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። የዓለም ንግድ ድርጅት የጤና ነክ እርምጃዎች ስምምነት ክፍያን አይከለክልም፤ በአገር ውስጥ ምርት ላይ ከሚጣለው እንዳይበልጥና ከአገልግሎቱ እውነተኛ ወጪ እንዳያልፍ ግን ያዛል። በዚህ ረገድ አሜሪካ የከፈለችበት ትምህርት አለ። በ2000 የወጣው የበርድ ማሻሻያ የተባለ ሕግ ከተገቢ ዋጋው አሳንሶ ከሚሸጥ የውጭ ምርት የሚሰበሰብ የፀረ ዳምፒንግ ቀረጥ ለአገር ውስጥ አምራቾች እንዲከፋፈል ይፈቅድ ነበር፤ የዓለም ንግድ ድርጅት በ2003 ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ፣ ኮንግረስም በ2006 ሻረው። ዛሬ የሽሪምፕ ቀረጥ ለቁጥጥር ይዋል የሚሉ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አጥማጆች ወኪሎች ይህን ታሪክ በጥንቃቄ ሊያነቡት ይገባል። እነሱ ከርካሽ የውጭ ሽሪምፕ ጋር ሲወዳደሩ መቆየታቸው እውነት ነው፤ የገቢ ፍተሻ ሲጠብቅ ጥቅማቸው መሆኑም እንዲሁ። ይህ ግን ፍተሻውን ሐሰት አያደርገውም።

ክፍለ ሀገሮች ከፌዴራሉ የሚጠብቁት ሲዘገይ በራሳቸው ይንቀሳቀሳሉ። ሉዊዚያና በ2019 ባወጣችው ሕግ ምግብ ቤቶች የውጭ ሽሪምፕ ወይም ክሮፊሽ ሲያቀርቡ ለደንበኛው እንዲያሳውቁ አዘዘች። ይህ ለመንግሥት ብዙ አያስወጣም፤ የመድኃኒት ቅሪትን ግን አያገኝም።

በጀቱ ራሱ የሚሰጥበት መንገድ ውጤቱን ይወስናል። የአሜሪካ የበጀት ዓመት የሚጀምረው በኦክቶበር 1 ሲሆን ኮንግረስ እስከዚያ ቀን ሥራውን የሚጨርስበት ዓመት ጥቂት ነው። ሳይጨርስ ሲቀር ያለፈው ዓመት መጠን በጊዜያዊ ሕግ ይቀጥላል፣ አዲስ ፕሮግራም መጀመርም በአብዛኛው ይከለከላል። ለሽሪምፕ ምርመራ የተጨመረ ገንዘብ ጥር ላይ ቢጸድቅ፣ ኬሚስት አስታውቆ ለመቅጠርና ለማሠልጠን የቀረው 8 ወር ገደማ ነው፤ ገንዘቡ የአንድ ዓመት ከሆነ ያልወጣው ይመለሳል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለውን ጭማሪ ቋሚ ሠራተኛ ከመቅጠር ይልቅ ለመሣሪያ ግዢና ለውል ሥራ ማዋል ይቀናቸዋል። ከዚህም ሌላ ብዙው መመሪያ የሚጻፈው በሕጉ ላይ ሳይሆን ሕጉን በሚያጅበው የኮሚቴ ሪፖርት ላይ ነው፤ መሥሪያ ቤቶች ሪፖርቱን ያከብሩታል፣ በፍርድ ቤት ግን አያስገድድም። በአንድ ዓመት እንዲነሳ የታዘዘ የናሙና ብዛት በሚቀጥለው ዓመት ሊቀንስ የሚችለው ማንም ሽሮት ሳይሆን በአዲሱ ሪፖርት ሳይደገም ስለቀረ ነው።